የልውስ ቀለም ታሪክ፤ ከነጭ እርሳስ እስከ ኤፖክሲ

«ቀለም» የሚለው የአማርኛ ቃል ብዙ ሸክም የተጫነበት ቃል ነው። ቁም ጸሐፊው ብርዑን የሚያጠቅስበት ጥቁር ፈሳሽ ቀለም ነው፤ በግድግዳ ላይ የሚቀባውም ቀለም ነው፤ ፈትል የሚነከርበትም ቀለም ነው። ትምህርት ራሱ የቀለም ትምህርት ይባላል፤ የተማረውንም ሰው «ቀለም የቆጠረ» እንለዋለን። ይህ በዕለት ተዕለት ንግግር ምንም ችግር አያመጣም። በሥራ ክፍል ውስጥ ግን በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስላሉ መምህሩ ለይቶ ማሳየት ይገባዋል። አንደኛው ስኳር በሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ ሁሉ በፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋ ነው፤ ፈሳሹ መልኩን ይለውጣል እንጂ ብርሃን ማሳለፉን አይተውም። ሁለተኛው ከቶ የማይሟሟ፣ እጅግ የደቀቀ ዱቄት ሆኖ በፈሳሹ ውስጥ ተበትኖ የሚቀር ነው፤ ብርሃኑን ይመልሳል፣ ከበስተኋላው ያለውንም ይጋርዳል። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ማቅለሚያ፣ ሁለተኛውን ፒግመንት እያልን እንጠራቸዋለን።

ይህን ርእስ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኤፖክሲ ሬዚን የሚባለው፣ ከማጠንከሪያው ጋር ሲደባለቅ እንደ መስተዋት ጠርቶ የሚደርቀው ሰው ሠራሽ ሙጫ፣ በእጅ ሥራ ክፍሎች እየተለመደ መጥቷል። ከእንጨት ጋር ተጣምሮ ትሪ፣ የጠረጴዛ ገበታ፣ የቁልፍ መያዣ ይሠራበታል። ሙጫው ድፍን ነጭ ወይም ድፍን ሰማያዊ እንዲሆን ከተፈለገ የሚጨመርበት በቱቦ ወይም በትንሽ ዕቃ የሚሸጥ፣ እንደ ጥርስ ሳሙና የወፈረ ልውስ ቀለም ነው። ሠልጣኞቻችን ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄም አለ፤ ይኸውም «ደረቁ ዱቄት በርካሽ እየተገኘ ልውሱን በውድ የምንገዛው ለምንድን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው የኪስ ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱ ግን የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የታሪክ መምህራንን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፒግመንትን ፈጭቶ በሙጫ የመለወስ ጥበብ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፍት ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ያዘጋጁ ነበር፤ ዛሬም በዚሁ መንገድ የሚያዘጋጁ አሉ። ሠዓሊዎችም መሬት የሰጠቻቸውንና ነጋዴ ያመጣላቸውን ድንጋይ ፈጭተው ይለውሱ ነበር። በቆዩ ሥዕሎችና የብራና መጻሕፍት ላይ የተደረጉ የኬሚካል ምርመራዎች ጂፕሰምን፣ ከአርሴኒክና ከድኝ የተዋሐደውን ቢጫ ኦርፒመንት፣ ከሜርኩሪና ከድኝ የተዋሐደውን ደማቅ ቀይ አሳይተዋል። ዛሬ በምናምርበት ቢጫና ቀይ ውስጥ መርዝ እንዳለ የፈጨው ሰው ያውቅ ኖሯል ወይ ብለን ብንጠይቅ መልስ የሚሰጠን የለም። ለጊዜው ግን ወደ ጂፕሰሙ እንመለስ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነውና።

በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበት ጠመኔ ብዙውን ጊዜ ጂፕሰም ነው፤ በሰሌዳው ላይ ንጹሕ ነጭ ሆኖ ይታያል። ይህንኑ ጠመኔ ፈጭተን በኤፖክሲ ብንለውሰው ግን ነጭነቱ ይጠፋል፤ የሚወጣው እንደ አጥሚት የደፈረሰ፣ ከበስተኋላው ያለውን የሚያሳይ ነገር ነው። በአንድ የሥራ ክፍል ይህንኑ ሞክረው «ጠመኔው የተበላሸ ነው» ብለው የደመደሙ ሠልጣኞች አይተናል። ጠመኔው ደኅና ነበር። ምክንያቱ የብርሃን ስብረት ነው። ብርሃን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲሻገር የሚሰበረውና የሚመለሰው ሁለቱ ነገሮች በስብረት ቁጥራቸው በተራራቁ መጠን ነው። የአየር ቁጥር 1 ነው፤ የጂፕሰም 1.52 ያህል ነው፤ ስለዚህ በአየር የተከበበ የጠመኔ ቅንጣት ብርሃኑን ደጋግሞ ይበትናል፣ ነጭ ሆኖም ይታያል። የደረቀ ኤፖክሲ ቁጥር ግን 1.55 አካባቢ ነው። ብርሃኑ ከሙጫው ወደ ጂፕሰሙ ሲሻገር ድንበር መሻገሩን እንኳ አያውቅም ማለት ይቻላል። ዘይት የነካው ወረቀት ብርሃን የሚያሳልፈው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በወረቀቱ ጭረቶች መካከል የነበረውን አየር ዘይቱ ተክቶታል። ይህን ለማስተማር ጠብታ ዘይትና ቁራጭ ወረቀት ይበቃል፤ ሌላ መሣሪያ አያሻም።

የጥንቱ ሠዓሊ ጂፕሰሙን በውሃና በሙጫ ሲለውሰው ነጭ ሆኖ የቀረለት ውሃው ሲተን በቅንጣቶቹ መካከል አየር ስለሚተካ ነው። በኤፖክሲ ውስጥ ግን የሚተን ነገር የለም፤ ፈሳሹ በሙሉ ወደ ጠጣርነት ይለወጣል፣ ለአየር ቦታ አይተውም። ዘይትም ቢሆን እንዲሁ ነው። ስለዚህ በዘይት የሚቀቡ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የስብረት ቁጥሩ ከፍ ያለ፣ በዘይት ውስጥ የማይጠፋ ነጭ ይፈልጉ ነበር። ያገኙት ቁጥሩ ወደ 2 የሚጠጋውን የእርሳስ ነጭ ነው። እርሳስ ስንል ብረቱን ማለታችን ነው፤ ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት መሆኑን መንገር ሳያስፈልግ አይቀርም።

የእርሳስ ነጭ አሠራር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ምእት ዓመት በግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ተጽፎ ይገኛል። የእርሳስ ቁራጭ ከሆምጣጤ በላይ ይቀመጣል፤ በላዩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይወጣል፤ ቅርፊቱ ይፋቃል። በኋላ ዘመን ሆላንዶች አሠራሩን አስፋፉት። ሆምጣጤ የያዙ የሸክላ ማሰሮዎችን ከእርሳሱ ጋር በፈረስ ፍግ ውስጥ ቀብረው ሳምንታት ያቆዩታል። ፍጉ ሲበሰብስ ሙቀትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ የሆምጣጤው እንፋሎት እርሳሱን ይበላዋል፤ ክምሩ ሲፈርስ ብረቱ ወደ ነጭ ቅርፊት ተለውጦ ይገኛል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ ነው ሰው የፈጀው። ቅርፊቱን መልቀም፣ ማጠብ፣ በምድጃ ማድረቅ፣ መፍጨት፣ ወደ በርሜል መገልበጥ፤ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ነጭ አቧራ አለ። አቧራው በአፍና በአፍንጫ ይገባል። እርሳሱ በአጥንት ይከማቻል፤ ሆድ ቁርጠት ያመጣል፣ የእጅ አንጓን ያሰልላል፣ ሲበረታም አንጎልን ነክቶ ያንዘፈዝፋል፣ ይገድላል። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 ባሳተመው የሠራተኞች በሽታዎች መጽሐፉ ሠዓሊዎችንና ሸክላ ሠሪዎችን ያስገባቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

በ19ኛው ምእት ዓመት በእንግሊዝ አገር በነጭ እርሳስ ፋብሪካዎች ይህን አቧራማ ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው ድኾች ሴቶች ነበሩ። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ በ1868 በምሥራቅ ለንደን ድኾች ሰፈር ተዘዋውሮ ያየውን ሲጽፍ፣ በዚሁ ሥራ የተመረዘችን ወጣት ሴት ሁኔታ ገልጿል። የቤተሰቡ ሰዎች ሥራው መርዝ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ አማራጩ ረኃብ ስለ ሆነ ይሄዱ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ሴቶች በአደገኛዎቹ የፋብሪካው ክፍሎች እንዳይሠሩ የከለከለው በ1898 ነው። በዲከንስ ጽሑፍና በክልከላው መካከል 30 ዓመታት አሉ። የታሪክ መምህራን ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት ሲያስተምሩ የእንፋሎት ሞተርንና የጥጥ መፍተያን ዘወትር ያነሣሉ፤ የነጭ በርና የነጭ መስኮት ዋጋ ምን እንደ ነበረ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። ብናነሣው መልካም ይመስለናል።

ከሠሪዎቹ በኩል ለነገሩ የተነሣ ሰው አልጠፋም። ኤድም ዣን ለክሌር የተባለ የፓሪስ የቤት ቀቢዎች አሠሪ በሥሩ የሚሠሩት ሰዎች በእርሳስ ሲታመሙ እያየ ዝም ማለት አልቻለም። በ1840ዎቹ የዚንክ ነጭን በኬሚስት እርዳታ አስጠንቶ ለቤት ቅብ እንዲውል አደረገ። ይህ ሰው ትርፉን ለሠራተኞቹ በማካፈልም በታሪክ ይታወቃል። የዚንክ ነጭ ግን የመጋረድ ኃይሉ ከእርሳሱ ስለሚያንስና ሲደርቅ የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው ተቀናቃኙን ፈጥኖ ሊጥለው አልቻለም።

እዚህ ላይ የልውሱ ታሪክ ይገባል። ድሮ ሠዓሊው ወይም ረዳቱ ደረቁን ፒግመንት በድንጋይ ላይ ከተልባ ዘይት ጋር እየፈጨ በየቀኑ ያዘጋጅ ነበር። የተረፈውን በአሳማ ፊኛ ቋጥሮ ያስቀምጣል፤ ሲፈልግ ፊኛውን በሹል ነገር ወግቶ ይጨምቃል፤ አንዴ የተወጋ ፊኛ ግን መልሶ በደንብ አይዘጋም። በ1841 ለንደን ይኖር የነበረው አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ጎፍ ራንድ ከቆርቆሮ የሚሠራ፣ ሲጨመቅ የሚተጣጠፍ ቱቦ ፈጥሮ የባለቤትነት መብት አገኘ። የዛሬው የጥርስ ሳሙና ቱቦ የዚህ ልጅ ነው። ሠዓሊዎች ቀለማቸውን በኪሳቸው ይዘው ወደ ሜዳ ለመውጣት የቻሉትም በዚህ ነው። የቤት ቀቢዎችም በበኩላቸው በዘይት ተለውሶ በበርሜል የሚሸጥ ወፍራም የእርሳስ ነጭ ይገዙና በሥራው ቦታ በዘይት ያቀጥኑት ነበር። ልውሱ መጀመሪያ የምቾት ነገር ነበር ማለት ነው።

የምቾት ነገር ብቻ ሆኖ ግን አልቀረም። በ1921 በጄኔቭ የተሰበሰበው የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ጉባኤ ነጭ እርሳስን ስለ መቀባት ስምምነት ቁጥር 13ን አጸደቀ። ስምምነቱ ጥቂት ነገሮችን ለይቶ ከማስቀረቱ በስተቀር በሕንፃ ውስጥ ነጭ እርሳስ እንዳይቀባ ይከለክላል። በተፈቀደባቸው ቦታዎች ደግሞ ነጭ እርሳስ በልውስ መልክ ወይም ለመቀባት ተዘጋጅቶ ካልሆነ በቀር በሥራ ላይ እንዳይውል ይደነግጋል። ከዚህም ሌላ ቀለምን በደረቁ በመፋቅና በመፈግፈግ የሚነሣውን አቧራ ለመከላከል በተቻለ መጠን እርምጃ እንዲወሰድ ያዛል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ዱቄት መሆንና ልውስ መሆን በዓለም አቀፍ ሕግ ተለያይቶ ተጻፈ። ስምምነቱ በሥራ ላይ የዋለው በ1923 ነው፤ ኢትዮጵያም የድርጅቱ አባል የሆነችው በዚያው ዓመት ነው። ይህም ሆኖ ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። አሜሪካ በመኖሪያ ቤቶች ላይ የእርሳስ ቀለምን የከለከለችው በ1978 ነው፤ በኢትዮጵያም በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚወስነው ደንብ የወጣው በ2018 ነው።

የእርሳሱን ነጭ ከገበያ ያስወጣው ሕጉ ብቻ ሳይሆን የተሻለ ነጭ መገኘቱ ነው። በ1791 ዊልያም ግሬጎር የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በኮርንዋል ከወንዝ ዳር ያነሣውን ጥቁር አሸዋ መርምሮ ያልታወቀ ንጥረ ነገር እንዳለበት ደረሰበት። በ1795 ጀርመናዊው ክላፕሮት ለዚሁ ንጥረ ነገር ቲታኒየም የሚል ስም አወጣለት። ከዚያ በኋላ አሸዋው ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ለነጭ ቀለም አልዋለም። የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነጭ በፋብሪካ ተሠርቶ ለገበያ መቅረብ የጀመረው በ1916 አካባቢ በኖርዌይና በአሜሪካ ነው። የዚህ ነጭ የስብረት ቁጥር ሩታይል በተባለው ዓይነቱ 2.7 ይደርሳል፤ የአልማዝ 2.42 ነው። በኤፖክሲ ውስጥ ከ1.55 ጋር ሲተያይ ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ በጥቂቱ ብዙ ይጋርዳል። ቅንጣቶቹ የሚደቁት ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺሕኛ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ያህል እስኪሆኑ ነው፤ የብርሃን ሞገድ ርዝመት እኩሌታ ማለት ነው፤ ብርሃን ከሁሉ የበለጠ የሚበተነው በዚህ መጠን ነው። እንዲህ ያለውን ድቀት በሙቀጫ አናገኘውም።

ይህ አሸዋ ሩቅ አገር ብቻ ያለ እንዳይመስለን። በጎረቤታችን በኬንያ፣ ከሞምባሳ በስተ ደቡብ በኩዋሌ፣ ኢልሜናይትና ሩታይል ያለበት አሸዋ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ እየተቆፈረ ወደ ውጭ አገር ሲላክ ቆይቶ ማዕድኑ ስላለቀ ቁፋሮው በ2024 መጨረሻ ቆሟል። የጂኦግራፊ መምህራን የምሥራቅ አፍሪካን ማዕድናት ሲያስተምሩ ወርቅና ሶዳ ላይ ብቻ እንዳይቆሙ ምሳሌ ይሆናል። ጥቁር አሸዋ ሄዶ ነጭ ዱቄት ሆኖ፣ ዋጋው በብዙ እጥፍ አድጎ መመለሱም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ሙጫው ራሱ ደግሞ ከፒግመንቱ ይልቅ ወጣት ነው። በ1930ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፒየር ካስታን ለጥርስ ሕክምና የሚሆን፣ ሲደርቅ የማይኮማተር ነገር ሲፈልግ ወደ ኤፖክሲ ሬዚን ደረሰ፤ ሥራውንም ሲባ የተባለው የባዝል ኩባንያ በፈቃድ ወሰደው። በአሜሪካም ሲልቫን ግሪንሊ በአንድ የቀለም ፋብሪካ ተቀጥሮ ወደ ተመሳሳይ ውጤት ደረሰ። ጀርመናዊው ፓውል ሽላክም በ1934 በዚሁ ዘርፍ የባለቤትነት መብት ጠይቆ ነበር። አንዱ ጥርስ፣ ሌላው የቀለም ቅብ እያሰበ ወደ አንድ ሙጫ መድረሳቸው ይገርማል። ሙጫው በ1946 በስዊዘርላንድ አራልዳይት በሚል ስም ለሕዝብ ቀረበ፤ በመጀመሪያም ብረት ከብረት ለማጣበቅ ዋለ። ቀለም ተጨምሮበት የቤት ዕቃና ጌጥ መሆኑ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ከዘይት ቅብ የሚለይበትን መንገድ ካወቅን የልውሱ አጠቃቀም በቀላሉ ይገባናል። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይደርቃል። ኤፖክሲ ግን የሚጠጥረው ሬዚኑና ማጠንከሪያው በተወሰነ መጠን ተገናኝተው እርስ በርሳቸው ሲያያዙ ነው። ከዚህ ግንኙነት ውጪ የሆነ ነገር ሁሉ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ሲበዛ ቤቱ ይጠባል። ስለዚህ ልውሱ ለኤፖክሲ የተዘጋጀ መሆን አለበት፤ በተልባ ዘይት የተለወሰ የሠዓሊ ቀለም ሙጫውን ያለሰልሰዋል፣ ውሃ ያለበት የትምህርት ቤት ቀለም ደግሞ ያደፈርሰዋል፣ መጠጠሩንም ያውካል። ብዙ አምራቾች ልውሱ ከጠቅላላው ክብደት 5 ወይም 6 በመቶ እንዳያልፍ ያስጠነቅቃሉ። ለአንድ መቶ ግራም ሙጫ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ይበቃል፤ ጥቁሩ በተለይ የክብሪት ራስ በምታህል መጠን ያጠቁራል። ጥቁሩ ዛሬም ካርቦን ነው፤ ከብራና ጸሐፊው ጥላሸት ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ልውሱ መጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር ብቻ በቀስታ ይደባለቃል፤ መስመርና ቋጠሮ እስኪጠፋ ድረስ ይታሻል፤ ማጠንከሪያው የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ማጠንከሪያው አስቀድሞ ከገባ ጊዜው መቁጠር ይጀምራል፣ ሙጫውም መሞቅ ይጀምራል፣ ቀለሙን ሳናዋሕድ ሊይዘን ይችላል።

አሁን ወደ ሠልጣኞቹ ጥያቄ እንመለስ። ደረቅ ዱቄት በእጅ ሲማሰል ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ቋጠሮ ይሆናሉ፤ በየቋጠሮው መካከል አየር ይቀራል፤ በጠጠረው ሥራ ላይም ነጠብጣብና አረፋ ሆኖ ይታያል። ልውሱን የሚሠራው ፋብሪካ ይህን ቋጠሮ በተለያየ ፍጥነት በሚሽከረከሩ ሦስት የብረት ሲሊንደሮች መካከል እያሳለፈ ይሰብረዋል፤ እያንዳንዷ ቅንጣት በፈሳሹ እስክትከበብ ድረስ። ልውሱ ላይ የምንከፍለው ትርፍ ገንዘብ የዚህ ሥራ ዋጋ ነው። በተጨማሪም አቧራው በዚያው ቀርቷል። ቲታኒየም ነጭ እንደ እርሳስ መርዝ አይደለም፤ ቢሆንም የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2006 ዱቄቱ ወደ ሳንባ ሲሳብ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚባሉት ወገን መድቦታል። በቢጫና በቀይ ቀለሞች ውስጥ ደግሞ ዛሬም የእርሳስ ክሮሜት ወይም የካድሚየም ውሕድ ያለባቸው ስላሉ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ለክፍል መግዛት አይገባም። ጽሑፍ የሌለበትን ዱቄት ከገበያ በፌስታል አስቋጥሮ ማምጣትን እኛ ከቶ አንመክርም።

ልውሱ ሁሉንም ነገር አይፈታም። ያልጠጠረ ኤፖክሲና ማጠንከሪያው ቆዳን ያስቆጣሉ፤ ቆዳው አንድ ጊዜ ከተቆጣ በኋላ ለጥቂቱም እንኳ ማበጥና ማሳከክ የሚጀምርባቸው ሰዎች አሉ፣ ይህም ዕድሜ ልክ ሊከተላቸው ይችላል። ስለዚህ ጓንት ያስፈልጋል፤ ክፍሉም አየር የሚዘዋወርበት መሆን አለበት። ሥራው ጠጥሮ በብርጭቆ ወረቀት በሚፈገፈግበት ጊዜም በልውሱ ውስጥ ታስሮ የነበረው ፒግመንት እንደገና አቧራ ሆኖ ይነሣል። በ1921 የጄኔቩ ስምምነት በደረቁ ስለ መፈግፈግ ያሰበው ይህንኑ ነበር፤ ውሃ እያስነኩ መፈግፈግ አቧራውን ያስቀረዋል፣ የሥራውንም ገጽ ያሳምረዋል።

ለክፍል የሚሆን ቀላል ሙከራ አለ። በካርቶን ላይ በማርከር ወፍራም ጥቁር መስመሮች ይሠመሩና ካርቶኑ በግልጽ ፕላስቲክ ይሸፈናል። እኩል መጠን ያለው ሙጫ በሦስት ትናንሽ ዕቃዎች ይዘጋጃል፤ በአንዱ የተፈጨ ጠመኔ፣ በሁለተኛው ነጭ ልውስ 1 በመቶ፣ በሦስተኛው ነጭ ልውስ 4 በመቶ ይጨመራል። ሦስቱም በፕላስቲኩ ላይ በእኩል ውፍረት ይፈሳሉ። በማግስቱ ተማሪዎቹ ከመስመሮቹ የትኛው በየትኛው ሥር እንደሚታይ ይመዘግባሉ፤ ጠመኔው የገባበትን ቁራጭ ከመጣላቸው በፊትም ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነኩ ፈግፍገው፣ ሲደርቅ መልኩ ለምን እንደሚነጣ መምህሩ ይጠይቃቸው።